ተንቀሳቃሹ ፖቴንሺዮስታት በባሕር ዳር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፖቴንሺዮስታት ኤሌክትሮድ ላይ ቮልቴጅ ሰጥቶ የሚፈሰውን ጅረት የሚለካ መሣሪያ ነው። የሻጩ መግለጫ «የአሚኖ አሲዶችን የመስታወት መልኮች ይለያል» ይላል። ይህን አምኖ ብቻ የሚገዛ ሰው ያዝናል። ዕቃው ጠንካራ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ በምንሠራባት ትንሽ የምግብ ምርመራ ክፍል ክረምቱን ሳይቀር ያለ እክል አልፏል። የመለየቱ ሥራ ግን የተጠቃሚው ነው፤ ኤሌክትሮዱ ላይ የሚቀባው ነገር ካልተዘጋጀ መሣሪያው ጅረት ከመለካት ሌላ አይፈይድም።

ፕሮቲን ከሚሠራባቸው 20 መደበኛ አሚኖ አሲዶች ውስጥ ከግላይሲን በቀር ሁሉም ኤል እና ዲ የሚባሉ፣ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል የሆኑ መልኮች አሏቸው። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚገነባው በኤል ነው። ዲ-አላኒን ደግሞ በባክቴሪያ ግድግዳ ውስጥ ስላለ እርጎን በመሳሰሉ የተብላሉ ምግቦች ይገኛል። ባዶ የካርቦን ኤሌክትሮድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያይም።

እኛ የምንቀባው ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን ነው፤ ከስታርች የሚገኝ፣ 7 የግሉኮስ ክፍሎች በቀለበት የተያያዙበት ውህድ። ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ወደዚህ ቀለበት ይገባል፤ ኤልም ዲም ይገባሉ። የግራ ጫማ ቀኝ እግርንም ያስገባል፣ ግን ይቆረቁራል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ላይ የሚወጡት የጅረት ፒኮች (ጅረቱ ከፍ የሚልባቸው ጫፎች) በቁመት ይለያያሉ እንጂ አንዱ ቀርቶ ሌላው ብቻ አይታይም። ንጹሕ ኤል እና ዲ በታወቀ መጠን እየቀላቀሉ የመለኪያ መስመር ሳያወጡ የሚነገር ቁጥር ግምት ነው። ሙቀቱም ውጤቱን ይወስናል፤ በማለዳና በቀትር የተለካውን አንድ ላይ ማወዳደር አይገባም።

ከሁሉ ያደከመን የማጣቀሻ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ቮልቴጁ የሚለካበት መነሻ፣ ነው። ስትሪፑ (ኤሌክትሮዶቹ የታተሙበት ስስ ቁራጭ) ላይ በብርና በብር ክሎራይድ ቀለም የታተመ በመሆኑ ቮልቴጁ በናሙናው ክሎራይድ ይወሰናል፤ ክሎራይዱ አሥር እጥፍ ሲቀንስ ወይም ሲጨምር ወደ 59 ሚሊቮልት ገደማ ይንሸራተታል። የጣና ውኃ ጨው አልባ ነው። በሐይቁ ውኃ ውስጥ የሟሟ ትሪፕቶፋን ስንለካ ፒኩ ከቦታው የሸሸው ለዚህ ነው፤ የመመሪያው ደብተር ስለዚህ አንድ መስመር የለውም። አሁን ማንኛውም ናሙና 0.1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይጨመርበት አይለካም፤ ፒኩም አደብ ገዝቷል።

ስትሪፖቹ ደጋግመው ያገለግላሉ የሚለውን ለትሪፕቶፋን እርሱት። ኦክሲዴሽኑ (ትሪፕቶፋን ኤሌክትሮን መልቀቁ) ካርቦኑ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ ስለሚሄድ ሁለተኛው ልኬት ያንሳል። አንዴ ለክቶ መጣል ነው፤ ወጪውም እዚያ ላይ ነው። የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ ተፈጭቶ ሲለካ ደግሞ የሌላው አሚኖ አሲድ የታይሮሲን ፒክ ከትሪፕቶፋን ጋር ይተቃቀፋል፤ አስቀድሞ ካልተለዩ ውጤቱ አይታመንም።

በእርጎ ውስጥ ዲ-አላኒንን ለመለካት ያሰብነው አልሆነም። አላኒን እንደ ትሪፕቶፋን በቀጥታ ኤሌክትሮን አይለቅልንም። ዲ-አሚኖ አሲድ ኦክሲዴዝ የሚባለው ኤንዛይም ያስፈልጋል፤ እርሱ ዲውን ብቻ መርጦ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያወጣል፣ ኤሌክትሮዱም ፐሮክሳይዱን ይለካል። ዘዴው ያማረ ነው። ነገር ግን ኤንዛይሙ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ መብራት ደግሞ ይጠፋል። የሚገርመው መሣሪያው ራሱ በመብራት መጥፋት አይነካም፤ ኃይሉን በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ስለሚያገኝ ጨለማ ውስጥም ይለካል።

ስለ ሶፍትዌሩ የምለው የለኝም፤ ይሠራል። ቺራል ኮለም ያለው፣ ማለትም የመስታወት መልኮችን ነጣጥሎ የሚያወጣ፣ የክሮማቶግራፊ መሣሪያ በቅርብ ለሚያገኝ ሰው ይህን አልመክርም። እንደ እኛ ለሌለው፣ በትሪፕቶፋን ለሚወሰንና ቅቡን ራሱ ለማዘጋጀት ትዕግሥት ላለው ግን ገንዘቡን ያወጣል። የሚገዛ ሰው እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄልም አብሮ ይያዝ፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት የተከፈተ የስትሪፕ እሽግ ቶሎ ይበላሻል።