የምግብ ማዘዣ አፕ ለአነስተኛ ንግድ፦ ከአራቱ መንገዶች የትኛው ያዋጣል?

ትዕዛዝ በስልክ መቀበል የፈለገ አነስተኛ ምግብ ቤት አራት ምርጫ አለው፦ ትልልቅ የማድረሻ አፖች ላይ መመዝገብ፣ በየወሩ የሚከፈልበትን ዝግጁ ሲስተም መከራየት፣ በራስ ስም የማዘዣ ድረ ገጽ ማሠራት፣ ወይም የራስን አፕ ከባዶ ማስገንባት። ሻጮች ሁሉንም የሚያሳዩት በደንበኛው ስክሪን በኩል ነው፤ ፎቶው፣ ቀለሙ፣ ሎጎው። እኔ ግን ንጽጽሩን ከወጥ ቤቱ ይጀምሩ እላለሁ። ትዕዛዝ ሲገባ የሚጮኸው የትኛው መሣሪያ ነው? በጥድፊያ ሰዓት ይሰማል ወይ? አንድ ምግብ ሲያልቅ ከሜኑው ላይ ማን ያወርደዋል? ደንበኛ ከፍሎ ግማሽ ሰዓት ከጠበቀ በኋላ «ይቅርታ፣ አልቋል» ከተባለ የአፑ ውበት አይመልሰውም።

የማድረሻ አፕ ከአራቱ ፈጣኑ ነው። መቀበያው፣ አድራሹ፣ ክፍያው ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ስምዎን ሰምተው የማያውቁ ሰዎችም ያገኙዎታል። ችግሩ ኮሚሽኑ ነው። ለምሳሌ ዶርዳሽ የተባለው የማድረሻ አፕ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለምግብ ቤቶች ያቀረባቸው ሦስት ዕቅዶች ለማድረሻ ትዕዛዝ 15፣ 25 እና 30 በመቶ ይቆርጡ ነበር። የጥሬ ዕቃና የጉልበት ወጪ ተቀንሶ የሚተርፍዎት ከዚያ ያነሰ ከሆነ፣ ብዙ በሸጡ ቁጥር ኪሳራዎ ይሰፋል። የደንበኛው ስልክ ቁጥርና የትዕዛዝ ታሪክም በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። አዲስ ሰው ለማግኘት ይጠቀሙበት፤ ቋሚ ደንበኛን በዚያ በኩል ማስተናገድ ግን ለገዛ ሰውዎ ደላላ መክፈል ነው።

ዝግጁ ሲስተም ኪራዩ የታወቀ ስለሆነ ለበጀት ይመቻል። ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ስወጣ የደንበኞቼን ዝርዝር በፋይል ይዤ መውጣት እችላለሁ? ሁለተኛ፣ አፑ አፕ ስቶር (የአይፎን አፕ መደብር) ላይ የሚወጣው በማን አካውንት ነው? የአፕል ደንብ በዝግጁ ቅጽ የተሠራ አፕ በራሱ በባለ ንግዱ እንዲቀርብ ስለሚጠይቅ፣ «በእኛ ስም እናወጣልዎታለን» የሚል ሻጭ አፕዎን ውድቅ ሊያስደርግብዎ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚያመነታው ግን በድረ ገጽና በራስ አፕ መካከል ነው። ድረ ገጹን ደንበኛው ኪውአር ኮድ ስካን አድርጎ ይከፍተዋል፤ ምንም ሳይጭን ያዝዛል። ዋጋ ቢቀይሩ ወዲያው ይታያል፣ የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም። ድክመቱ መረሳቱ ነው፤ ስልኩ ላይ ምልክቱ የለም። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ (የአይፎን ሲስተም) 16.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከመጋቢት 2015 (እ.ኤ.አ. 2023) ወዲህ፣ ድረ ገጽም ማሳወቂያ መላክ ይችላል፤ ነገር ግን ደንበኛው ገጹን መነሻ ስክሪኑ ላይ ካስቀመጠው ብቻ ነው።

የራስ አፕ ይህን ይፈታል። ምልክቱ ስልኩ ላይ ይቀመጣል፣ አድራሻው ይታወሳል፣ «ያለፈውን ድገም» በአንድ ንክኪ ያልቃል። የመደብሮቹ መመዝገቢያ ክፍያም አያስፈራም፦ አፕል በዓመት 99 ዶላር፣ የአንድሮይዱ መደብር ጎግል ፕለይ አንዴ 25 ዶላር። ምግብ በእጅ የሚደርስ ዕቃ ስለሆነ አፕል በአፑ ውስጥ ከሚሸጥ ዲጂታል ነገር የሚወስደው ኮሚሽንም አይመለከተውም። ከባዱ ጥገናው ነው። አካውንት የሚያስከፍት አፕ አካውንት መሰረዣም በውስጡ እንዲኖረው አፕል ያስገድዳል፤ ጎግልም አፖች ከአዳዲስ አንድሮይዶች ጋር እንዲሄዱ ደጋግሞ ማሻሻያ ይጠይቃል። ከኖቬምበር 13፣ 2023 እ.ኤ.አ. በኋላ የተከፈተ የግል የጎግል ፕለይ አካውንት ደግሞ አፑን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት ሊሞክሩት ይገባል። በዚህ አካውንት «በሳምንት እናወጣዋለን» የሚልዎ ይህን ደንብ አላነበበም። ሥራውን ለሁለቱም ስልኮች በአንድ ኮድ፣ በፍላተር ወይም በሪአክት ኔቲቭ (የአፕ መሥሪያ መሣሪያዎች)፣ ያሠሩት፤ ለምግብ ማዘዣ ሁለት ጊዜ የሚጻፍበት ምክንያት አይታየኝም።

የኔ ምርጫ ቅልቅል ነው፦ ለደንበኛው ድረ ገጽ፣ ለወጥ ቤቱ አፕ። ትዕዛዝ የሚቀበለው ታብሌት በብራውዘር ብቻ ከሆነ ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁ ሊቀር ይችላል። እዚያ ላይ የተጫነ የአንድሮይድ አፕ «ተቀብያለሁ» እስኪባል ድረስ ደጋግሞ ይጮኻል፣ ለማተሚያው ይልካል፣ «ዛሬ አልቋል» እና «ለጊዜው ትዕዛዝ አቁም» የሚሉ ትልልቅ ቁልፎችም ይኖሩታል። የደንበኞች አፕ የሚያስፈልገው ተመላልሰው የሚያዝዙ ሰዎች ሲበዙ ነው፤ ያኔ ሰርቨሩ (ትዕዛዙን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ስላለ አፑ የሚጨመር ስክሪን ብቻ ይሆናል።

ማንኛውም ሻጭ ሲያሳይዎት አብረው ይፈትኑት። የወጥ ቤቱን ታብሌት ይቆልፉና ይዘዙ፤ ጮኸ? ከዚያ «እዘዝ» የሚለውን ነክተው ወዲያው ኢንተርኔቱን ያጥፉ፣ መልሰው ያብሩና እንደገና ይንኩ፤ ትዕዛዙ ሁለት ሆኖ ከገባ ሲስተሙ ለደካማ ኔትወርክ አልተሠራም። የማድረሻ ሂሳቡ የሚታየው መጨረሻ ላይ ከሆነ ቀድሞ እንዲታይ ያስተካክሉት፤ ያለ ምዝገባ ማዘዝም ይቻል። ቁልፎቹ ለአውራ ጣት የሚበቁ ይሁኑ፤ የአፕል መመሪያ 44 ነጥብ፣ የጎግል 48 ዲፒ ይላል (ሁለቱም የስክሪን መለኪያ ናቸው)። የካርድ ቁጥር በእርስዎ ሰርቨር በፍጹም አይለፍ፣ ለክፍያ አቀናባሪው ድርጅት በቀጥታ ይሂድ።

ውሉ ላይ ደግሞ የድረ ገጹ ስም፣ የአፕ ስቶርና የጎግል ፕለይ አካውንቶች፣ ሶርስ ኮዱ (ሲስተሙ የተጻፈበት ኮድ) እና የደንበኞች መረጃ በእርስዎ ስም እንደሚሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ሲስተሙ በጥድፊያ ሰዓት ቢቆም የሚደወልለት ቁጥርና ምላሽ የሚሰጥበት ጊዜም እዚያው ይስፈር።