የዌብሳይታችሁ ስም በማን እንደተመዘገበ ዛሬውኑ እዩ

ጎንደር ውስጥ ገስት ሃውስ፣ ሆቴል፣ አስጎብኚ ድርጅት ወይም የባህል ዕቃ መሸጫ ኖሯችሁ ዌብሳይት ያሠራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ለማሠራት ያሰባችሁም እንደዚሁ። የደረሰው እኛ ቤት ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የማውቃቸውን ነጋዴዎች ስጠይቅ፣ «ዶሜኑ (የዌብሳይቱ ስም፣ ማለትም አድራሻው) በእኔ ስም ነው» ብሎ በእርግጠኝነት የሚመልስልኝ ሰው ማግኘት ከብዶኛል።

እናቴ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ትንሽ ገስት ሃውስ አላት። ዌብሳይቱን የሠራልን ልጅ ሥራውን አሳምሮ ነው የሠራው፤ ይህን አልክድም። የክፍሎቹ ፎቶ፣ ዋጋው፣ ከፋሲል ግቢ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ለሚሄድ እንግዳ መኪና እንደምናዘጋጅ፣ ሁሉም አለ። ደረሰኙም «የዌብሳይት ሥራ ከነዶሜኑ» ይላል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ «ማደሻ» እያለ የሚጠይቀንን ስንከፍል ኖርን።

ታኅሣሥ ላይ፣ የጥምቀት እንግዶች ክፍል በሚይዙበት ሰሞን፣ ዌብሳይቱ ድንገት ጠፋ። ኢሜይላችንም አብሮ ዝም አለ። አድራሻው የተሠራው በዚያው ዶሜን ስለነበር የእንግዶች መልእክት እየተመለሰባቸው ነበር። እናቴ ልጁ ጋ ደወለች። «እማማ፣ ዶሜኑ ኤክስፓየር አድርጓል። ቶሎ ካልታደሰ ሌላ ሰው ይወስደዋል። አሁን ማደሻው 40 ሺህ ብር ነው» አላት።

የዶት ኮም ዶሜን ዓመታዊ ዋጋ በአብዛኞቹ ሻጮች ዘንድ ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ 40 ሺህ ብር ስትለኝ ወዲያው ጠረጠርኩ። ከመክፈላችን በፊት ዶሜኑ በማን ስም እንዳለና መቼ እንደሚያበቃ የሚያሳየውን መዝገብ ራሴ ልየው አልኩ።

መዝገቡን ማየት ነፃ ነው። የዶሜን ስሞችን ሥርዓት በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን የሚባል ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመ። የመፈለጊያ ገጹ አድራሻ ሉክአፕ ዶት አይካን ዶት ኦርግ (lookup.icann.org) ነው። ገብታችሁ የዶሜናችሁን ስም ብቻ ትጽፋላችሁ። አካውንት መክፈት አያስፈልግም፤ ስልክም ይበቃል። ሰዎች በልማድ ሁ ኢዝ የሚሉት የድሮው አሠራር ነው፤ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዶት ኮምና መሰሎቹ ዋናው መንገድ አርዳፕ የሚባለው አዲሱ ሆኗል። ለእናንተ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ስሙን ጽፎ መፈለግ ነው።

እኛ ያገኘነው ይህንን ነው። ማብቂያ ቀኑ ገና አልደረሰም፤ ወራት ይቀሩታል። ጊዜው አልፎ የተሰረዘ ዶሜን ላይ የሚታየው የመቤዣ ጊዜ (ባለቤቱ መልሶ ሊወስደው የሚችልበት ጊዜ) ምልክትም የለም። ይልቅ መዝገቡ በቅርቡ እንደተነካ የሚያሳየው ቀን ዌብሳይታችን ከጠፋበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ ዶሜኑን ወደ ዌብሳይቱ የሚመሩት ኔም ሰርቨሮችም ሌላ ቦታ እንዲያመለክቱ ተደርገዋል። ማለትም ዶሜኑ አልሞተም፤ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ነው። ባለቤት በሚለው ክፍል፣ ድርጅት ከሚለው ፊት ለፊት፣ የተጻፈው የልጁ የራሱ የንግድ ስም ነበር። የእናቴም ሆነ የገስት ሃውሷ ስም የትም የለም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ገንዘቡን የከፈለ ሰው በመክፈሉ ብቻ ባለቤት አይሆንም። መዝጋቢው፣ ማለትም ዶሜኑን ሸጦ የሚመዘግበው ድርጅት፣ የሚያውቀው በመዝገቡ ላይ ያለውን ስምና አካውንቱን የከፈተውን ኢሜይል ነው። እኛም ደረሰኙን ፎቶ አንስተን ለመዝጋቢው ጻፍን። መልሱ በጨዋነት የተጻፈ ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ግን «የምንነጋገረው ከአካውንቱ ባለቤት ጋር ብቻ ነው» የሚል ነው። በእነሱ አልፈርድም። ደረሰኝ ይዞ ለመጣ ሁሉ ቢያስረክቡ ኖሮ ማንም ሰው ዶሜኑን በሰላም አይዝም ነበር።

ይህ ነገር እኛ አገር በብዛት የሚመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ውጭ አገር ያሉ መዝጋቢዎች በዶላር ነው የሚያስከፍሉት። የብር ካርድ ያለው ነጋዴ እዚያ መክፈል አይችልም። ስለዚህ የዶላር ካርድ ያለው ባለሙያ ይከፍልልናል፣ እኛ በብር እንመልስለታለን። በዚህ ምንም ክፋት የለውም፤ በቅንነት የሚሠሩ ብዙ ልጆች አሉ። ችግሩ ካርዱ የእሱ ስለሆነ አካውንቱም፣ ኢሜይሉም፣ ስሙም የእሱ ሲሆን ነው። ክፍያው በሌላ ሰው ካርድ ቢሆንም ዶሜኑን በእናንተ ስምና በእናንተ ኢሜይል ማስመዝገብ ይቻላል። ባለሙያው «አይሆንም» ካላችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።

መዝገቡን ስትከፍቱ የባለቤቱ ስም ተሸፍኖ ብታገኙት አትደንግጡ። ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል፣ የግለሰቦች ስም፣ ስልክና ኢሜይል በአብዛኛው ለሕዝብ አይታይም። መሸፈኑ ብቻውን ተንኮል አይደለም። እንደዚያ ሲሆን ግን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ አለባችሁ። አንደኛው ቀላል ነው፤ ኢሜይላችሁን ፈትሹ። መዝጋቢዎች ማብቂያው ሲቃረብ፣ አንድ ወር ገደማ ሲቀረውና እንደገና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ለተመዘገበው ባለቤት ማስታወሻ እንዲልኩ ይገደዳሉ። በዓመት አንዴ ደግሞ «መረጃዎ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ» የሚል መልእክት ይልካሉ። እንዲህ ያለ ነገር ለዓመታት ደርሷችሁ የማያውቅ ከሆነ፣ የሚደርሰው ሌላ ሰው ጋ ሳይሆን አይቀርም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ባለሙያውን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ የመዝጋቢውን አካውንት እንዲከፍትላችሁ ማድረግ ነው። የዌብሳይቱን ማስተካከያ የይለፍ ቃል ሰጥቷችሁ «ይኸው ሁሉም በእጃችሁ ነው» ቢላችሁ አትቀበሉ። እሱ ጽሑፍና ፎቶ መቀየሪያ ነው። ዶሜኑ ያለው መዝጋቢው ጋ ነው።

የኢትዮጵያ የሆነውን ዶት ኢቲ ለያዛችሁ መንገዱ ሌላ ነው። እሱን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በማን ስም እንዳለ የምትጠይቁት እዚያው ነው።

ክርክር ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በዓለም ደረጃ ለዶሜን ስም ክርክር የተዘጋጀ ሥርዓት አለ፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ። ሆኖም የንግድ ምልክት መብት እንዳላችሁ ማሳየት፣ ሰውየው ስሙን ያስመዘገበውም የተጠቀመበትም በክፉ ልብ መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅባችኋል። ጉዳዩን የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በአንድ ዳኛ እንዲያየው መክፈቻው ብቻ 1,500 ዶላር ነው። ለአንዲት ትንሽ ገስት ሃውስ ይህ የማይታሰብ ነው።

እኛን ያዳነን ሽማግሌ ነው። የሰፈር ትልልቅ ሰዎች ልጁንና እናቴን አስቀመጡ። እኔ የመዝገቡን ገጽ አትሜ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ኤክስፓየር አድርጓል» አለ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ማብቂያ ቀን አንዱ ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ሲያነቡት ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ 40 ሺህ የሚባል ነገር አልተነሳም። የዓመቱን ትክክለኛ ማደሻና ትንሽ የድካም ዋጋ ከፍለን ዶሜኑን በእናቴ ስም ወደተከፈተ አካውንት አዛወረው። ጥምቀት ግን አልፎ ነበር። በየዓመቱ የሚመጡ እንግዶች ኢሜይላቸው ሲመለስባቸው ሌላ ቦታ ይዘዋል። ያ ገቢ ተመልሶ አይመጣም፤ እናቴ አሁንም ያንገበግባታል።

ስለዝውውሩ አንድ ነገር ልጨምር። አዲሱ አካውንት እዚያው መዝጋቢ ጋ ከሆነ ሥራው ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልቃል። ወደ ሌላ መዝጋቢ ለመውሰድ ግን ዶሜኑ እንዳይዛወር የሚያግደው ቁልፍ መከፈትና የማዛወሪያ ኮድ መሰጠት አለበት። ባለቤት ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይሄድ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያው ስሙን ወደ እናንተ አስቀይሩ፤ መዝጋቢ መቀየሩ ይደርሳል።

ዛሬ ከባለሙያችሁ ጋር ፍቅር ናችሁ እንበል። ጥሩ፤ የሚጠየቀው ያኔ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል። «ዶሜኑ በደንበኛው ስምና ኢሜይል ይመዘገባል፣ የመዝጋቢው አካውንት ለደንበኛው ይሰጣል» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ይግባ። ውል ከሌላችሁ በቴሌግራም ጽፋችሁ «እሺ» አሰኙትና አታጥፉት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ዓይነቱ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል።

ዶሜኑ በእጃችሁ ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ይመጣባችኋል። «ዶሜንዎ ሊያበቃ ነው፣ በዚህ ሊንክ ይክፈሉ» የሚል ኢሜይል፣ ከማታውቁት ድርጅት። እናቴም ጋ መጥቷል። የሚላከው እንደ መንግሥት ደብዳቤ ተደርጎ ነው፤ ቀይ ጽሑፍ፣ የመጨረሻ ቀን፣ ማስፈራሪያ። ሊንኩን አትንኩ። አይካን ገጽ ላይ ግቡና መዝጋቢ በሚለው ፊት ለፊት ያለውን ስምና ማብቂያ ቀኑን እዩ። የላከላችሁ ድርጅት ስም ከዚያ ጋር ካልገጠመ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። ቢገጥምም በተላከው ሊንክ ሳይሆን አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ወደ አካውንታችሁ ግቡና እዚያው አድሱ።