ኤድመንተን (ካናዳ) ያላችሁ፣ ለኖርዘርን ላይትስ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር። ኤድመንተን እየኖሩ ኖርዘርን ላይትስ (ሌሊት ሰማይ ላይ የሚወዛወዘውን ባለቀለም ብርሃን) ለማየት ለአስጎብኚ መክፈል አያስፈልግም። የአካባቢው የአስትሮኖሚ ክለብ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ምሽቶች አሉት። አባላቱ የገዛ ቴሌስኮፓቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፣ በነፃ ያሳያሉ፣ ጥያቄ ስታበዙባቸው ደግሞ ጭራሽ ደስ ይላቸዋል።

እኛ የሄድነው እንቁጣጣሽ ባለፈ ሰሞን፣ ኤልክ አይላንድ ብሔራዊ ፓርክ፣ አስቶቲን ሐይቅ ዳር ነው። ከከተማው በስተምሥራቅ በሃይዌይ 16 አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ጨለማው እንዲጠበቅ የተከለለ ስለሆነ ሰማዩ ሌላ ነው። ለፓርኩ መግቢያ ይከፈላል። ባይሰን የሚባለው ጎሽ መንገድ መሃል ስለሚቆም ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ክለቡ ብርሃን ላይ ቀልድ አያውቅም። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ አንድ የስልክ መብራት ደግሞ ሁሉንም ያበላሸዋል፤ ስለዚህ የሚፈቀደው ቀይ ባትሪ ብቻ ነው። የልጄ ጫማ ሲረግጥ ብልጭ የሚል ዓይነት ነበር። አንዲት የክለቡ ሴትዮ እየሳቀች ጥቁር ፕላስተር ለጠፈችበት።

እማዬ ከአገር ቤት መጥታ ነበርና እሷም አብራን ነበረች። አንድ ወጣት የሰሜን ኮከብን ሲያሳያት «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ አናት ላይ ሊወጣ ነው!» አለችው። ልክ ናት። ኤድመንተን ላይ 53 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ከተራራው ጫፍ ብዙም አይርቅም። ወጣቱ ይህን ሲሰማ እሷን ተቀምጦ መጠየቅ ጀመረ፣ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

በቴሌስኮፕ አንድሮሜዳ ጋላክሲን አየን። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዟል። ፎቶ ላይ እንደምታውቁት ግን አትጠብቁ፣ ደብዘዝ ያለ ጭጋግ ነገር ነው። ለልጆች የሚሻለው አልቢሬዮ ነው፤ በዓይን አንድ የሚመስለው ኮከብ ሁለት ይሆናል፣ አንዱ ወርቃማ አንዱ ሰማያዊ።

ኖርዘርን ላይትሱ የመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። መጀመሪያ ስስ ደመና ነው የመሰለኝ። ስልክ ላይ አረንጓዴ፣ በዓይን ግን ግራጫ፣ ምክንያቱም ዓይናችን በደካማ ብርሃን ቀለም መለየት ይቸገራል። ቆይቶ ሲጠነክር አረንጓዴው በዓይንም ታየ፣ ከዚያ መወዛወዝ ጀመረ፣ እማዬም አማተበች። አረንጓዴው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ኦክስጅን ከፀሐይ በመነጩ ቅንጣቶች ምክንያት ሲያበራ የሚፈጠር ነው፤ ቀዩም ኦክስጅን ነው፣ ግን ከ200 በላይ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 ላይ የነበረው ከ2003 ወዲህ ከፀሐይ የመጣ ኃይለኛው ማዕበል ስለነበር ሰማዩ ሁሉ ቀላ፤ ሰው ያንን ፎቶ አይቶ ይመጣና «ይሄ ብቻ ነው?» ይላል።

ባለፈው ዊንተር አንድ አስጎብኚ (ስሙን ልተወው) «ዋስትና አለው» ብሎ አስከፍሎን፣ ደመና ሥር ቫን ውስጥ አስቀምጦን አደረ፤ ብሩን ስንጠይቅ «አየሩ የኛ አይደለም» አለን። እሺ፣ ታዲያ ዋስትናው የማን ነበር? ክለቡ ምንም ቃል አይገባም። ደመና ከሆነ ይሰርዛል፣ ያውም መጨረሻ ሰዓት ላይ ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሰኔን ተዉት፣ እዚህ ያኔ በደንብ አይጨልምም። የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ «ኦሮራ ዋች» (AuroraWatch፤ ኦሮራ ያው ኖርዘርን ላይትስ ነው) በነፃ በኢሜይል ስለሚያስጠነቅቅ ተመዝገቡ። ከጃኬት ሥር ጋቢ ደርቡ፣ ታጣፊ ወንበርም ያዙ። ለክለቡ ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ፤ ግማሿን የቀነስኩት ትልቁ ቴሌስኮፕ ጋ ባለው ሰልፍ ነው።