ለደብረ ሲናዋ ሲስተር እግዜር ይስጥልን

በደብረ ሲና ጤና ጣቢያ የግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል የሚሠሩትን ሲስተር ቤተሰባችን ከልብ ያመሰግናል። ስሜ አይጻፍ ስላሉኝ ትቼዋለሁ፤ ክፍሉን ጠይቃችሁ ብትገቡ ታገኟቸዋላችሁ።

እማዬ 80 አልፏታል፣ ታናሽ እህቴ 28 ዓመቷ ነው፣ ገና ሙሽራ ናት። ግፊት ሲገኝባት እማዬ «ሌላ ምን ያስፈልጋል፣ የኔን እየተካፈልን እንውጣለን» አለች። ሲስተር ይህን ሰምተው ሳቁ። የእማዬን መድኃኒት ሲያዩት ግን ሳቃቸው ቆመ፤ ኢናላፕሪል ነው። ለእማዬ የታዘዘው ስኳርም ስላለባት ነው። ልጅ ለምታስብ ሴት ግን ፅንስ ስለሚጎዳ አይሆንም። ለእህቴ ሐኪሙ ኒፈዲፒን ያዘዘላት ለዚሁ ነው። ደግሞ በሷ ዕድሜ ግፊት ሲመጣ መነሻው ኩላሊት ወይም ሆርሞን እንዳይሆን መፈተሽ አለበት ብለው ለሽንትና ለደም ምርመራ አስላኳት።

እኔ መጠየቅ አይሰለቸኝም፤ «ታዲያ ወሳኙ ዕድሜ ነው?» አልኳቸው። በእንግሊዞች መመሪያ ስኳር የሌለበት ሰው ከ55 ዓመት በታች ከሆነ እንደ ኢናላፕሪል ባለው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ አምሎዲፒን ባለው ይጀምራል፤ ጥቁር አፍሪካዊ ግን በየትኛውም ዕድሜ በአምሎዲፒን ወገን ነው አሉኝ። ኒፈዲፒንም የዚያው ወገን ነው።

ከሁሉ የወደድኩት እማዬን የያዙበትን መንገድ ነው። ተቀምጣ ለኳት፣ ከዚያ «እማማ፣ እስቲ ይነሱልኝ» ብለው ቆማ ደገሙት። እስከዛሬ ቆማ የለካት ሰው አላየሁም። በሽምግልና የደም ሥር ስለሚደርቅ የላይኛው ቁጥር ብቻውን ይወጣል፤ በችኮላ ካወረዱት ደግሞ ስትነሳ አዙሯት ትወድቃለች። ስለዚህ መድኃኒቷ በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው። የሚያሸናትን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጠዋት እንድትውጥ ነገሯት፣ ሌሊት በዚህ ብርድ ደጅ እንዳትወጣ። የልጅ ልጆቿን ልታይ ሸዋ ሮቢት ስትወርድም በሙቀቱ ላብ ስለሚያልባትና መድኃኒቱም ስለሚያሸናት፣ ድካም ወይም ማዞር ከተሰማት ሳትቆይ እንድትታይ አስጠነቀቋት። ይህን ማን ያስባል!

ግፊት ያለበት ወላጅ ያላችሁ የጣርማ በርና የደብረ ሲና ሰዎች ሂዱ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ በጠዋት ድረሱ። የምትውጡትን ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የጤና መድን ደብተራችሁንም ያዙ።