ለሁለት ውጭ ሀገር ስትወጡ፦ በቡድን ወይስ በራሳችሁ?

በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት በቡድን ጉዞ ጣሊያን ሄድን። 8 ቀን፣ 42 ሰው፣ አንድ አውቶቡስ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሁሉንም ራሳችን አዘጋጅተን ፖርቱጋል ሄድን። በሁለቱም ጉዞ የተበላሸ ነገር ነበር። ለዚህ ነው ጓደኞቼ «የቱ ይሻላል?» ሲሉኝ ከዋጋ የማልጀምረው። መጀመሪያ የምጠይቃቸው፣ ነገር ሲበላሽ ማን እንዲሯሯጥላቸው እንደሚፈልጉ ነው።

በሻንጣው ልጀምር። ሮም ስንደርስ የባለቤቴ ሻንጣ አልመጣም። የቡድኑ መሪ አብራን ቆማ ቅጹን አስሞላችን፣ ቋንቋውንም ስለምትችል ነገሩ በደቂቃዎች አለቀ። ግን ቡድን አይጠብቅም። ሻንጣው ሮም ሲገባ እኛ ፍሎረንስ ነበርን። ፍሎረንስ ሲደርስ ቬኒስ። ባለቤቴ አምስት ቀን ሙሉ በሁለት ሸሚዝ ከረመ። በራሳችን ብንሄድ ኖሮ አንድ ሆቴል ተቀምጠን እንጠብቀው ነበር።

መብቱ ግን በሁለቱም በኩል ያው ነው። ስለ አየር ጉዞ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ሻንጣ ከተጎዳ በ7 ቀን ውስጥ፣ ከዘገየ ደግሞ እጃችሁ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ ለአየር መንገዱ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። ቅጹን ከኤርፖርት ሳትወጡ ሙሉ። የገዛችሁትን ልብስ ደረሰኝ አትጣሉ።

ቀጥሎ አልጋው። ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ እኔ ግን ለጥንዶች ከሁሉ በፊት የማነሳው እሱን ነው። አስጎብኚ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚይዙት «የሁለት ሰው ክፍል» ብለው ነው። የሁለት ሰው ክፍል ማለት ደግሞ አንድ ሰፊ አልጋ ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ጠባብ አልጋም ሊሆን ይችላል። እኛ ከሰባቱ ሌሊት አምስቱን በተለያየ አልጋ አደርን። በራሳችሁ ስትይዙ የአልጋውን ዓይነት አይታችሁ ትመርጣላችሁ። በቡድን ከሆነ ግን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

የጉዞ መርሐ ግብር ማንበብም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ኮሎሲየምን እናያለን» እና «ኮሎሲየም እንገባለን» አንድ አይደሉም። እኛ «እናያለን» የሚለውን ነበር የገዛነው። ከአውቶቡስ ወረድን፣ 20 ደቂቃ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። ፍሎረንስ የደረስነው ደግሞ ሰኞ ነው፤ የኡፊዚ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ነው። ለዓመታት ልናየው ስንመኝ የነበረው በር ላይ ቆመን ቀረን። ሆቴሉም «ፍሎረንስ አካባቢ» ይባል እንጂ በአውቶቡስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር። ማታ ከተማውን ሁለታችን ብቻ በእግር እንዞራለን ያልነው በዚያው ቀረ።

አውቶቡሱ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚቆም ያወቅሁት ሹፌሩን ጠይቄው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው። በቀን የሚነዳውም በመደበኛው 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት ከተማ የሚል ፕሮግራም ስታዩ ኪሎሜትሩን ራሳችሁ አስሉት። ለጉብኝት የሚተርፈው ሰዓት ከምታስቡት ያነሰ ነው።

እንዲህ ስል የቡድን ጉዞን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። የፖርቱጋሉ ጉዞ የቡድንን ዋጋ አስተምሮኛል።

ሊዝበን ለመድረስ ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ገዛን፤ እንዲያ ሲሆን ይረክስ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ዘገየ። ሁለተኛው ጥሎን ሄደ። የመጀመሪያው አየር መንገድ «አድርሰናችኋል» አለን፣ ሁለተኛው «አልመጣችሁም» አለን። ሁለቱም ልክ ናቸው። በአንድ ትኬት ቢሆን ኖሮ በሌላ በረራ የማድረስ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆን ነበር። የአውሮፓው የመዘግየት ካሳ፣ ማለትም ከ250 እስከ 600 ዩሮ ያለው፣ የሚታሰበው ትኬቱ ላይ ያለው መድረሻ ጋ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለደረሰ ነው። ስለዚህ ለኛ ምንም አልነበረም። አዲስ ትኬት ገዝተን፣ ኤርፖርት ወንበር ላይ አድረን፣ በማግሥቱ ሄድን። ያን ሌሊት የጣሊያኗ የቡድን መሪ በጣም ናፈቀችን።

በጥቅል፣ ማለትም በረራና ሆቴልን አንድ ላይ የገዛ ሰው ሌላም ጥበቃ አለው። በአውሮፓ ኅብረት የ2015ቱ የጥቅል ጉዞ መመሪያ አዘጋጁ ዋጋውን ከ8 በመቶ በላይ ከጨመረ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። የሰው ቁጥር አልሞላም ብሎ ከ6 ቀን የሚበልጥ ጉዞ የሚሰርዝ ከሆነም ቢያንስ 20 ቀን ቀድሞ መንገርና ገንዘቡን በሙሉ መመለስ አለበት። ድርጅቱ ቢከስርም ገንዘባችሁ ዋስትና አለው። ይህ ተራ ነገር አይደለም። የብሪታንያው አስጎብኚ ድርጅት ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 2019 ሲዘጋ ወደ 150,000 የሚጠጉ ብሪታንያውያን ውጭ ሀገር ነበሩ፤ ወደ ሀገራቸው የመለሳቸው መንግሥት ነው። ደንቡ ከሀገር ሀገር ይለያያልና የምትገዙበት ድርጅት ቢከስር ገንዘባችሁን ማን እንደሚመልስ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ትዳሩም ላንሳ። በቡድን ስንሄድ አልተጣላንም፣ ምክንያቱም የምንወስነው ነገር አልነበረም። ግን ለብቻችን ተቀምጠን ያወራነውም ጥቂት ነው። እራት ላይ ሁሌ ከስምንት ሰው ጋር ነን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነን። ፖርቱጋል ላይ በካርታ ሁለት ጊዜ ተኳርፈናል። እስከ ዛሬ ደጋግመን የምናወራው ግን የፖርቶ ከተማን ምሽቶች ነው፤ ከዶውሮ ወንዝ ዳር እስኪመሽ ተቀምጠን ማንም «ጊዜው ደረሰ» ያላለን።

እንግዲህ የኔ ምርጫ ይህ ነው። የመጀመሪያ የውጭ ጉዟችሁ ከሆነ፣ ቋንቋውም የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ በአጭር ቀን ብዙ ከተማ ማየት ከፈለጋችሁ፣ የቡድኑን ግዙ። ከ12 እስከ 16 ሰው የሚይዘው አነስተኛ ቡድን ብዙ ጊዜ ይወደዳል፣ ግን አቅሙ ካላችሁ እሱን ምረጡ። 42 ሰው ከአውቶቡስ እስኪወርድ ብቻ የሚያልፈውን ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ወይም ሁለት ከተማ ከሆነ በራሳችሁ ሂዱ፣ በረራውን ግን በአንድ ትኬት።

ሦስተኛም መንገድ አለ፣ አሁን እኛ የምንጠቀምበት። በረራና ሆቴል አንድ ላይ ከአንድ ሻጭ መግዛት፣ ጉብኝቱን ደግሞ እዚያው ደርሶ በቀን በቀን ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ማድረግ። በአውሮፓው መመሪያ በረራና ሆቴል አንድ ላይ ከተሸጡ እንደ ጥቅል ጉዞ ይቆጠራሉ፣ ጥበቃውም ይከተላል። አውቶቡሱ ግን አይጠብቃችሁም፤ እናንተም አትጠብቁትም።

ለየትኛውም ከመክፈላችሁ በፊት የሆቴሉን ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ አድራሻውን አስጽፉ። ከዚያ ካርታ ላይ ከመሀል ከተማው ያለውን ርቀት ለኩት።