ማልዲቭስ፣ ዛንዚባር ወይስ ኪሲቴ? ከጎንደር ተነስቶ ባህር ለሚሄድ ሰው የሚያዋጣው

ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሲሸኝና ጎንደር ሲረጋጋ፣ በሆቴልና በአስጎብኚነት ሥራ ላይ ያሉ ወዳጆቼ ለራሳቸው ዕረፍት ማሰብ ይጀምራሉ። ጥያቄያቸው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ትንሽ ደሴት ላይ አርፈን፣ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርገን ዓሣ ማየት እንፈልጋለን፣ ማልዲቭስ ይሻላል ወይስ ዛንዚባር ይሉኛል። መልሴ ከሁለቱም ውጭ ነው። ዋና ዓላማው ይህ ስኖርክሊንግ የሚባለው ዓሣ ማየት ለሆነ የጎንደር ሰው የከፈለውን ያህል የሚያገኝበት ቦታ የኬንያ ደቡብ ጠረፍ ነው እላለሁ፤ ይኸውም ዲያኒ ወይም ሺሞኒ አድሮ፣ በዋሲኒ ደሴት በኩል ወደ ኪሲቴ የባህር ፓርክ መውጣት ነው። ምክንያቴን ከዋጋው እጀምራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነውና። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ ለገበያ ስለተተወ በብር የሰጠሁት ሒሳብ ነገ ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ በዶላር እቆጥራለሁ።

ማልዲቭስ ለአብዛኛው ሀገር ዜጋ ሲደርስ የ30 ቀን ቪዛ በነጻ ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ይህን ብቻ ሰምቶ ይነሳሳል። ነገር ግን ሪዞርቱ በድረ ገጹ የሚያሳየው ዋጋ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። 200 ዶላር የተጻፈበት ክፍል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከልበት 220 ዶላር ይሆናል። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 17 በመቶ የደረሰው የቱሪዝም ታክስ ሲጨመር 257 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይደርሳል። በሪዞርት ለሚያድር እንግዳ ደግሞ በነፍስ ወከፍ በየቀኑ 12 ዶላር አረንጓዴ ታክስ ስላለ፣ ባልና ሚስት ለአንድ ሌሊት የሚከፍሉት 281 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው፤ ምግቡ ገና አልተቆጠረም። ከማሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ደሴቱ የሚወስደው ፈጣን ጀልባ ወይም በውሃ ላይ የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላንም ለብቻው ይከፈላል፤ በአውሮፕላኑ ከሆነ የአንድ ሰው ደርሶ መልስ በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። የክፍሉን ዋጋ አይተው ተስማምተው የነበሩ ወዳጆቼ ሐሳባቸውን የቀየሩት በዚህ የመጓጓዣ ሒሳብ ላይ ነው።

እንደ ማፉሺ ባሉ የአካባቢው ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ በእንግዳ ማረፊያ ማደር እጅግ ይረክሳል፤ በአነስተኛ ማረፊያዎች አረንጓዴ ታክሱም ግማሽ ነው። ማልዲቭስ በእውነት የሚበልጥበት ነገርም አለ፤ በብዙ ደሴቶች ኮራል የሚባለው፣ ጥቃቅን የባህር ፍጥረታት የሚገነቡት አለት ከአሸዋው ጥቂት እርምጃ ላይ ስለሚጀምር፣ ጀልባ ሳይከራዩ በቀን ሦስት ጊዜ መግባት ይቻላል። ገንዘብ የማያሳስበው ሰው ወደዚያ ቢሄድ አልከለክለውም። ይሁንና ለአምልኮ የሚያገለግሉ ምስሎችን ወደ ሀገሪቱ ማስገባት በጉምሩክ ሕጓ የተከለከለ ስለሆነ፣ ሥዕለ አድኅኖ ከሻንጣው የማይለይ ምእመን ይህን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ሲሼልስንም የሚያነሱልኝ አሉ፤ ውበቷ የሚካድ አይደለም፣ ዋጋዋ ግን ከማልዲቭስ ብዙም ስለማይርቅ እዚህ ላይ አልቆይባትም።

ዛንዚባር ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ የሚደረስባት፣ ምግቧ የሚስማማ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስቶን ታውን የሚገኝባት ደሴት ናት። በሰሜን ጫፏ ያሉት የኑንግዊና የኬንድዋ ዳርቻዎች አሸዋ ከዲያኒም የተሻለ ነው ቢባል አልከራከርም። የእኔ ቅሬታ ባህሩ ሳይታይ ስለሚከፈለው ገንዘብ ነው። ቪዛው አስቀድሞ የሚያመለክቱበት ሲሆን ተራው የጎብኚ ቪዛ 50 ዶላር ነው፤ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ የውጭ ጎብኚ፣ ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ የዛንዚባርን መድን በ44 ዶላር መግዛት ግዴታው ሆኗል። ለሁለት ሰው 188 ዶላር ማለት ነው። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ ስለሚገባ፣ ይህ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ በኪስ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የውሃው ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ የምፈልገው እኛ ደገኞች የማናውቀው ነገር ስለሆነ ነው። ጣና ጎርጎራ ላይ ጠዋት የተዉት ቦታ ማታም ይገኛል። የህንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት 3 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ባህሩ ሲሸሽ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ርቆ ስለሚሄድ፣ ፎቶ አይቶ ሆቴል የያዘ ሰው ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት የሚያየው ረግረጋማ አሸዋ፣ የባህር ሣርና በመካከሉ ጀልባዎች ተጋድመው ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ እየገፋ ስለሚሄድ፣ ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተዋኘበት ውሃ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት የለም። ሽሽቱ የሚበረታው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ነው። ስለዚህ ሆቴል ከመያዝ በፊት የዚያን ሳምንት የሙላትና የሽሽት ሰንጠረዥ መመልከት የክፍሉን ዋጋ ከመመልከት እኩል ነው። ኑንግዊና ኬንድዋ ከዚህ ችግር በአብዛኛው ነጻ ናቸው፤ ነገር ግን ከእነዚያም ቢሆን ጥሩውን ዓሣ ለማየት ምነምባ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት በጀልባ መሄድ ግድ ነው፣ ምነምባ ላይ ደግሞ በጉብኝት ወቅት ጀልባው ተደራርቦ ይቆማል፤ ከዓሣው ይልቅ የሌላ ሰው እግር የሚታይበት ሰዓት አለ።

ዲያኒም ከሽሽቱ ነጻ አይደለም። የተለየ የሚያደርገው ከዲያኒ ወደ ሺሞኒ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ሆኖ፣ ከሺሞኒ ወደብ በእንጨት ጀልባ ሲወጡ የሚደርሱበት ውሃ የተጠበቀ መሆኑ ነው። ኪሲቴን የሚያስተዳድረው የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው፤ በፓርኩ ክልል ዓሣ ማጥመድ ስለማይፈቀድ ዓሣው ሰው አይሸሽም። በመንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ዶልፊኖች ይታያሉ፤ ውሃው ውስጥ ኤሊም አለ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ግን ፓሮትፊሽ የሚባለው ሰማያዊና አረንጓዴ ዓሣ ነው፤ ምንቃር በሚመስለው ጥርሱ የኮራሉን ድንጋይ ሲፍቅ ድምፁ ቅር፣ ቅር እያለ በጆሮ ይሰማል፤ የበላው ኮራል ደግሞ በሆዱ ተፈጭቶ ነጭ አሸዋ ሆኖ ከኋላው ሲፈስ በዓይን ይታያል። መዋኘት የማይችል ሰውም ይህን ያያል፤ የባህር ውሃ በጨውነቱ ከጣና ይልቅ ያንሳፍፋል፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከታከለበት ፊትን ወደ ታች አድርጎ መተኛት ብቻ ነው።

ከስኖርክሊንጉ በኋላ ምሳ የሚበላው ዋሲኒ ላይ ነው። መኪና የሌለባት፣ የሙስሊሞች መንደር ያለባት ትንሽ ደሴት ስለሆነች ልብስ ሸፈን ያለ ቢሆን መልካም ነው። ምሳው በተለምዶ የባህር ምግብ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ግን በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና ሩዝ ሲይዝ አስቀድሞ ካዘዘ ያለ ችግር ያገኛል። ደሴት ላይ ካላደርን ለሚሉ ደግሞ ከዲያኒ ደቡብ ቻሌ ደሴት ላይ አንድ ሪዞርት አለ፤ ክፍሉ ከዲያኒ ይወደዳል፣ ከማልዲቭስ ሪዞርት ጋር ግን አይወዳደርም።

መንገዱን በሁለት ዓይነት ማስላት ይቻላል። ቀላሉ ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሞምባሳ በአውሮፕላን ነው፤ ሁለቱን በረራዎች በአንድ ቲኬት መግዛት ይገባል፣ የጎንደሩ በረራ ቢዘገይና ቀጣዩ ቢያመልጥ ተጓዡን ማድረስ የአየር መንገዱ ኃላፊነት ይሆናልና። ለየብቻ የተገዛ ርካሽ ቲኬት አዲስ አበባ ላይ ሲያመልጥ የሚያስከፍለው ከቆጠበው ይበልጣል። ሁለተኛው ናይሮቢ ወርዶ በባቡር ሞምባሳ መግባት ነው፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ተራው ማዕረግ 1,500 ሽልንግ ነው፣ 12 ዶላር አይሞላም። ባቡሩ ከናይሮቢ ሞምባሳ አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ከሞምባሳ ወደ ዲያኒ ሲሄዱ የሊኮኒ መሻገሪያ ጀልባ ለእግረኛ በነጻ ስለሆነ፣ ሻንጣው ቀላል የሆነ ሰው ተሻግሮ ከወዲያኛው በኩል መኪና ቢይዝ ያተርፋል።

ሁለት ነገር ከጎንደር ሳይነሱ መጠናቀቅ አለበት። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድና ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ ይኖርበታል፤ ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒትም ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፣ ጠረፉ ወባማ ነው። ፌስታል ደግሞ በሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክላለች፣ ልብስ በፌስታል ጠቅልለን የመያዝ ልማዳችን እዚያ አይሠራም።

በዲያኒ ዳርቻ ላይ ርካሽ ጀልባ የሚያቀርቡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው ደህና ሰዎች አሉ፤ ሆኖም ኪሲቴ ብለው ተስማምተው ፓርኩ ሳይደርሱ ቅርብ ባለ፣ ኮራሉ በመልህቅ በተሰባበረ ቦታ አውርደው የሚመልሱም አሉ። ይህ የደረሰበት አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ዓሣ ሳያይ ተመልሷል። መከላከያው ቀላል ነው፤ የፓርኩ መግቢያ በዋጋው ውስጥ መሆኑንና አለመሆኑን መጠየቅ፣ መግቢያው በጥሬ ገንዘብ ስለማይከፈል የተከፈለበትን ደረሰኝ በስልክ ላይ ከመነሳት በፊት መመልከት። ደረሰኝ ከሌለ ፓርክ የለም። ዋጋው በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ ለጀልባው በሙሉ የሚለውም ከጅምሩ ይለይ፤ አራት አምስት ሆኖ ለሚሄድ ሰው ሺሞኒ ድረስ በራሱ ሄዶ ጀልባውን በሙሉ መከራየት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

የጀልባው ኪራይ መነጽር ባይታመን ይመረጣል፤ የማሰሪያው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ሲጎተት ይበጠሳል፣ ጓደኛዬም የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀዶ አስሮበት ነበር። የራስን መያዝ ይሻላል፣ ሲገዙ ግን ተመሳስሎ የተሠራው ይበዛል። ደህናው መነጽር ፊት ላይ የሚያርፈው ክፍል ሲሊኮን ነው፤ ለስላሳ ሆኖ ሲታጠፍ ወዲያው ይመለሳል። ርካሹ ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ጠርዙ ውሃ ያስገባል፣ የፊቱም ፕላስቲክ ስለሚጫርና ጉም ስለሚይዝ ምንም አያሳይም፤ መስታወቱ እውነተኛና የተጠናከረ መሆን አለበት። መፈተኛው ሱቁ ውስጥ ነው፦ ማሰሪያውን ሳያጠብቁ ፊት ላይ አድርጎ በአፍንጫ ትንሽ አየር መሳብና እጅን መልቀቅ። ሳይወድቅ ከቆየ ልክ ነው፤ ከወደቀ ሻጩ ምንም ቢል አይገዛ። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን ግን በርካሽ አስመስለው የሠሩትን በፍጹም አልመክርም፤ የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው አየር በደንብ ስለማይለይ የተቃጠለ አየር ተመልሶ ይተነፈሳል፣ ራስ ያዞራል፣ ውሃ ውስጥ ራስ ማዞር ቀልድ አይደለም። አዲስ መነጽር ውስጡ በጥርስ ሳሙና ደጋግሞ ካልታሸ ጉም አይለቅም።

ወቅቱን በተመለከተ ለጎንደር ሰው የተመቸው ጊዜ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ነው። በእነዚያ ሳምንታት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ለስላሳ ስለሆነ ኪሲቴ ላይ ውሃው ይጠራል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ዝናቡ ይመጣል፣ ከዚያም የደቡቡ ነፋስ ባህሩን ያናውጠዋል፣ ጀልባዎችም የማይወጡበት ቀን ይበዛል። በዚያ ወቅት ሆቴሉ በግማሽ ዋጋ ቀረበልን ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አለ፤ ዓሣ ለማየት ከሆነ በዚያ ዋጋም አይያዝ።