ሲፓፕ በድሬ ሙቀት፦ ከወራት በኋላ

ሲፓፕ የሚባለውን፣ ልጄ ሲተኛ በማስክ በኩል አየር የሚነፋለትን ማሽን ወድጄዋለሁ። ያስመረረን ማስኩ ነው።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ሲተኛ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ ይስተጓጎላል። ቶንሲልና አዴኖይዱ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ) ወጥቶለታል። ለአብዛኛው ልጅ ቀድሞ የሚታሰበው ሕክምና እሱ ነው፣ ብዙዎቹም በዚያው ይገላገላሉ። የኛው ግን ክብደቱም ስላለ ቀነሰለት እንጂ አልተወውም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በተደረገው የእንቅልፍ ምርመራ እንኳ ትንፋሹ በሰዓት ከ10 ጊዜ በላይ ይስተጓጎል ነበር፤ ለልጅ ከ1 ሲያልፍ ራሱ ጤነኛ አይባልም።

ማሽኑ አየር በግፊት እየነፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል፣ በቃ። ኦክስጅን አይደለም አቦ! ጎረቤቱ ሁሉ ልጁ ኦክስጅን ላይ ነው ብሎ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር።

ማንኮራፋቱ ከመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጀምሮ ጠፋ። የጠዋት ራስ ምታቱና አልጋ ማርጠቡ ቀስ እያለ ቀረ። ክፍል ውስጥ ማንቀላፋቱንም ትቷል።

አሁን ወደ ምሬቴ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፊቱ ሲያልበው የማስኩ ሲሊኮን ይንሸራተትና አየሩ በዓይኑ በኩል እያፏጨ ይወጣል። ማሰሪያውን ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ቆዳ ይልጣል፣ በማደግ ላይ ያለ ፊትንም በጊዜ ብዛት ሊጫነው ስለሚችል ሐኪሙ በየቀጠሮው ያየዋል። ፊቱን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቬንትሌተሩን ወደ እግሩ አዙሮ መተኛት ይሻላል። በሙቀቱ ጊዜ ግቢ ውስጥ መተኛት ለምዶ ነበር፣ እሱ ቀርቷል፤ አቧራው ፊልተሩን ቶሎ ያጠቁረዋል። መመሪያው ማሽኑ እስከ 35 ዲግሪ እንዲሠራ ነው የሚለው፣ ድሬ ደግሞ ቀን ቀን ያንን አልፋ ትሄዳለች፤ ሌሊት በረድ ሲል ግን አላስቸገረንም።

አየሩን የሚያረጥበው የማሽኑ የእርጥበት ሳጥን ውስጥ የቧንቧ ውሃ አታድርጉ። የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያችሁን ገልጣችሁ ውስጡ የጋገረውን እዩት። ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ነው የሚፈልገው።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ይቆማል። በራሱ ኮንቨርተር ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘነው፤ ብዙ የሚበላው የእርጥበት ሳጥኑ ማሞቂያ ስለሆነ እሱን ስናጠፋ ሌሊቱን ይዘልቃል።

ለመግዛት ካሰባችሁ የክብደት ገደቡን እዩ፤ የኛው ከ30 ኪሎ በላይ ለሆነ ነው የሚለው። ግፊቱን የሚወስነው ሐኪም ነው፣ ሻጭ አይደለም። ለልጅ ደግሞ አፍንጫ ላይ ብቻ የሚሆነውን ማስክ ጠይቁ፤ አፍ የሚሸፍነው፣ ቢያስመልሰውና ራሱ ማውለቅ ቢያቅተው አደገኛ ነው። ማስክ እንደ ጫማ ነው፣ ልጁ ባደገ ቁጥር ይጠበዋል፤ እዚህ ስላላገኘን ቀጣዩን ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚያመጣልን ሰው እየጠበቅን ነው።